የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወይስ የግል ኮሌጅ? የሐይቅና የአምባሰል ወላጆች ሒሳብ

በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ በትምህርት ማዕከልነቱ ይታወቃል። ዛሬ በሐይቅ ከተማ ዙሪያና በአምባሰል ወረዳ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸው 12ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የወጪ ጉዳይ ነው።

በተለምዶ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ፣ የግል ኮሌጅ ደግሞ በክፍያ እንደሆነ ይነገራል። ይሁን እንጂ ይህ አገላለጽ የተሟላ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን በሙሉ፣ ከማስተማሪያ ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ደንግጓል። ክፍያው የሚፈጸመውም በዋናነት ተመራቂው ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው እየተቀነሰ ነው።

የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። በዚህ ስሌት በዓመት ለአሥር ወራት የምግብ ወጪ ብቻ 30 ሺህ ብር፣ በአራት ዓመት 120 ሺህ ብር ይደርሳል። ስለሆነም የወጪ መጋራት ውል የሚፈርም ተማሪ የሚገባበትን ዕዳ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

በአንጻሩ የግል ኮሌጅ ክፍያ ገቢ ከመገኘቱ በፊት ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣ ነው። ጠቀሜታው ተማሪው ከቤቱ ሳይርቅ መማር መቻሉ ነው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ሊቀንስ ይችላል። በመንግሥት ምደባ የሚማር ተማሪ ግን በቅርብ ወደሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንደሚመደብ ዋስትና የለውም።

ይሁንና ሚዛኑን የሚወስነው የክፍያው መጠን ብቻ ሳይሆን ውጤቱም ጭምር ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህም ከመቶ የግል ተቋማት ተፈታኞች 83ቱ ለዓመታት ከፍለው ዲግሪውን ለማግኘት ሌላ ዙር ፈተና መጠበቅ ነበረባቸው ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ አኃዙ አማካይ በመሆኑ ሁሉንም የግል ተቋማት በአንድ ዓይን ለማየት አያስችልም፤ የተማሪዎቹ የመግቢያ ዝግጅትም የራሱ ድርሻ አለው።

በሌላ በኩል ምርጫው ራሱ ለሁሉም ክፍት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የማለፊያ ነጥብ ላላገኙት የአቅም ማሻሻያ ትምህርትና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በሒሳቡ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው አማራጮች ናቸው።

በመሆኑም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ከምዝገባ በፊት ለወላጆች ሦስት መረጃዎችን ሊያደርሱ ይገባል፤ ኮሌጁ በሚያስተምርበት የትምህርት መስክ የዕውቅና ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ በመውጫ ፈተና ያስመዘገበውን ውጤት እንዲሁም እስከ ምረቃ የሚጠይቀውን ጠቅላላ ክፍያ። ለትምህርት ሲባል በሬውን የሚሸጥ አርሶ አደር እነዚህን መረጃዎች ማግኘት ያለበት ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።