እንቅልፍ የነሳው ሙቀቱ ነው ወይስ ሐሳቡ?

የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከባሕሩ አጠገብ ቢሆንም በሐምሌ ሌሊት የሚገባው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጎረቤቱን ቁጭ አድርጎ የአእምሮ ጤና መጠይቁን ሲሞክር ቬንቲሌተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ አስቸገረው።

«እትዬ፣ ባለፉት 30 ቀናት እንቅልፍ አስቸግሮዎታል?»

«ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ተኝቶ የሚያድር ሰው አለ እንዴ?»

ቅጹ ላይ ያለው «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነው። ተማሪው፣ እንቅልፍ የነሳቸው ሙቀቱ ነው ብሎ «አይ» ላይ ምልክት አደረገ። አጠገቡ ሆኖ ያንኑ መልስ የሰማው ጓደኛው ደግሞ «አዎ» አለ። አንዲት ሴት፣ አንድ መልስ፣ ሁለት ውጤት።

ይህን ችግር በቁጥር የያዘው በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሥነ ልቦናና የስታቲስቲክስ ሊቅ ጄኮብ ኮኸን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ካፓ የተባለውን መለኪያ አወጣ። ሁለት መዝጋቢዎች 100 ሰው አይተው በ88ቱ ተስማሙ እንበል። ጥሩ ይመስላል። ግን ሁለቱም ለ90 ሰው «አይ»፣ ለ10 ሰው «አዎ» የሚሉ ከሆነ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሞሉም በ82ቱ ያህል በአጋጣሚ ይገጣጠማሉ። ኮኸን ይህን አጋጣሚ ሲቀንሰው የሚተርፈው ስምምነት 0.33 ብቻ ነው። የ88ቱ ኩራት እዚያው ላይ ይበርዳል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የሙያ ባልደረቦቹን የሚያስቆጣ ሥራ ሠራ። በ1960 በአንድ ታዋቂ የሥነ ልቦና መጽሔት የወጡ ጥናቶችን ሰብስቦ፣ መካከለኛ ልዩነት በእርግጥ ቢኖር የማግኘት ዕድላቸው ስንት እንደነበር አሰላ። አማካዩ ከግማሽ በታች ሆነ። ተመራማሪዎቹ ናሙናቸው ከማነሱ የተነሳ ያለውን ነገር ሳያዩት ሊያልፉ ይችሉ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁሉ «ስንት ሰው ልጠይቅ?» ብሎ የሚያሰላው ከዚህ ሥራ ተነሥቶ ነው። ሁለት ቡድን ሲነጻጸር፣ መካከለኛውን ልዩነት በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት ከየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ 393።

የአንድ ምሁር ተጽዕኖ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ተቆጥሮ ይነገራል። የኮኸን ስም ከብዙ ሺህ ጽሑፎች ግርጌ አለ። የሚያሳዝነው ከትምህርቱ ወደ እኛ የተሻገረው በአብዛኛው ቁጥሩ እንጂ ማስጠንቀቂያው አለመሆኑ ነው። የልዩነትን መጠን 0.2 ትንሽ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ትልቅ ያለው የተሻለ መነሻ ለጠፋበት ሰው ነበር፤ በየመስኩ ያለው ሰው የራሱን ሚዛን እንዲያበጅም መክሯል። በ1994 «ምድር ክብ ናት» በሚል ርእስ በጻፈው ጽሑፍ የፒ ቫሊዩ (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኝበት ዕድል) አምልኮን በግልጽ ተችቷል። በ1998 ሲሞት ትግሉ ገና አላለቀም ነበር። ዛሬም ተማሪ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ አማካሪው አስቀድሞ «ሲግኒፊካንት ነው?» ይለዋል። «ለሰዎቹ ኑሮ ምን ያህል ይከብዳል?» ብሎ የሚጀምር አማካሪ ግን ተማሪውንም ጥናቱንም ያድናል።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ የምትኮራበት ሥራ አላት። አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 68,378 ሰዎች ላይ የከባድ የአእምሮ ሕመም ልየታ ሲያደርጉ፣ ደረጃውን ጠብቆ በተሠራ መጠይቅ ብቻ አልተማመኑም። መንደሩን የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቁ። ወረቀቱ ያላገኘውን ሰው ጎረቤት ያውቀዋልና። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ የሚደነቀው ግን ያ ጥንቃቄ ነው።

ጅቡቲ ላይ የሚሠራ ተማሪ ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄዎች ያሉት የአእምሮ ጤና መጠይቅ ራስ ምታትን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ እንቅልፍን፣ ድካምን ይጠይቃል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣባት ከተማ ግን ራሱን ያላመመው፣ ያልደከመው ማን አለ? ጥያቄው ሳይመረመር እንዳለ ከተወሰደ ግማሹ ሰፈር ሕመምተኛ ይሆናል። ሁሉን በሙቀት ማሳበብም ያው ጥፋት ነው፤ የእውነት የተጨነቀውን ይደብቃል።

ሁለቱ ወጣቶች ቅጻቸውን አስተያይተው ተከራከሩ። በመጨረሻ ተማሪው ወደ ሴትየዋ ዞረ።

«እትዬ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት ምን እያሰቡ ነው የሚያነጉት?»

ሴትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«ልጄ በኦቦክ በኩል ባሕር ከተሻገረ ወዲህ አልደወለም። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛ።»

ተማሪው «አይ» ያለበትን ሰርዞ «አዎ» አደረገ። ከዚያም በቅጹ ግርጌ፣ ይህቺን ሁለተኛ ጥያቄ ለሁሉም እንዲጠይቋት በእጁ ጻፈ።