ለቫል ሉተን የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ክቡር ቫል ሉተን ሆይ፣

ስለ አንድ ዝምታ ላመሰግንዎ ነው የምጽፈው።

እ.ኤ.አ. በ1942 አርኬኦ የተባለው የፊልም ኩባንያ ፕሮዲዩሰር አድርጎ ሲቀጥርዎ የሰጠዎት ሥራ የሚያስቀና አልነበረም። ከ150 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ፣ ከ75 ደቂቃ የማይረዝሙ አስፈሪ ፊልሞች እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ርእሱን እንኳ የሚመርጠው ኩባንያው ነበር። በዚህ ገንዘብ የሚታመን አውሬ ሠርቶ ማሳየት ይከብዳል። እኔ ግን ገንዘብ ቢተርፍዎም አብዝተው እንደማያሳዩን አምናለሁ።

የመጀመሪያው ፊልም «ካት ፒፕል» ነው፤ ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር። ኢሬና ቅናት ወይም ቁጣ ሲይዘኝ ነብር እሆናለሁ ብላ የምትሰጋ ሴት ናት፤ ባሏ ደግሞ ከሥራ ባልደረባው ከአሊስ ጋር ተቀራርቧል። አንድ ምሽት አሊስ በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በኩል ብቻዋን ስትሄድ ኢሬና ትከተላታለች። ሙዚቃ የለም። የሚሰማው የሁለት ሴቶች ታኮ ጫማ ብቻ ነው። አንዷ የመንገድ መብራት ሥር ደርሳ ወደ ጨለማው ትገባለች፤ ካሜራው ወደ ሌላዋ ይሄዳል፤ እሷም እዚያው ብርሃን ውስጥ ታልፋለች። ጆሯችን ሳይታወቀው ኮቴ መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ የኋለኛው ኮቴ ይጠፋል።

ይህችን ቅጽበት ደጋግሜ አይቻታለሁ፤ አሁንም ታስፈራኛለች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ድምፅ ይጨምር ነበር፤ እናንተ ቀነሳችሁ። የኢሬና ኮቴ ካልተሰማ ወይ ቆማለች፣ ወይ ጫማ በማያሻው እግር እየሄደች ነው። ይህን ማንም አይነግረንም። እዚያ ሐሳብ ላይ የምንደርሰው ራሳችን ነን፤ ራሳችን የደረስንበትን ደግሞ ውሸት ነው ብለን ልንገፋው አንችልም።

አሊስ ዞር ብላ ታያለች፤ መንገዱ ባዶ ነው። መሮጥ ትጀምራለች። ልባችን እንደተንጠለጠለ አንድ ነገር እንደ አውሬ አጓርቶ ከጎን ድንገት ይገባል፤ የአውቶቡስ ፍሬን ነው። ኤዲተሩ ማርክ ሮብሰን ድምፁን ያስገባበት ቦታ እንዴት ያለ ነው! ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ድንጋጤ «የሉተን አውቶቡስ» ይሉታል። ዛሬ ብዙ ፊልሞች አውቶቡሱን ወርሰው ኮቴውን ትተዋል፤ በር ይበረገዳል፣ ሙዚቃ ይጮኻል፣ እኛም ደንግጠን ወዲያው እንረሳለን። ያስቆጨኛል።

በዚሁ ፊልም የመዋኛ ገንዳ ትዕይንት ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጥላ ቱርነር በገዛ ቡጢው እንደሠራው ተናግሯል። ቡጢ፣ መብራት፣ ግድግዳ ላይ የሚወራጭ የውኃ ነጸብራቅ፤ በቃ።

አንድ ምስጋና ይቀረኛል። ፊልም ቆርጠው የሚቀጥሉትን ሰዎች ዳይሬክተር አደረጓቸው፤ መጀመሪያ ሮብሰንን፣ ቀጥሎ ሮበርት ዋይዝን። እርስዎ ካረፉ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ ዋይዝ «ዘ ሆንቲንግ»ን ሠራ። እዚያ በር ይደበደባል፤ ሳንቃው ወደ ውስጥ እስኪያብጥ ድረስ ይገፋል፤ ከበሩ ጀርባ ያለውን ግን እስከ መጨረሻው አናይም። ዋይዝ ይህን ከማን እንደተማረ ለማወቅ የእናንተን ፊልም ማየት ይበቃል። ስለ እሱም እግዜር ይስጥልኝ።

አክባሪዎ፣
አንድ ተመልካች