በወረርሽኝ ጊዜ ለዕረፍት ወደ ውጭ አገር መሄድ ይገባልን?

ሰው ከድካሙ ማረፍ እንደሚያስፈልገው ማንም አይክድም። ዓመቱን ሙሉ በትምህርት ወይም በሥራ የደከመ አእምሮ ሌላ አገርና ሌላ ልማድ ሲያይ ይታደሳል፤ ዕውቀቱም ይሰፋል። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ውጭ አገር መሄድ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ይሁን እንጂ ተላላፊ በሽታ ዓለምን ባስጨነቀበት፣ መንግሥታትም በመንገደኛ ላይ ገደብ ባደረጉበት ጊዜ ለዕረፍት ብሎ ድንበር መሻገር ይገባልን? ይህ ጥያቄ በክፍላችን የክርክር ሰዓት ቀርቦ ከሁለት ከፍሎን ነበርና፣ አሳቤን በዚህ መጽሔት ለመምህሮቻችን፣ ለወላጆቻችንና ለጓደኞቼ ላቀርብ ወደድሁ።

«የኮሮና ጊዜ አልፏል፤ ያለፈውን ማንሣት ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ለሰየመው በሽታ አውጆት የነበረውን አስቸኳይ ሁኔታ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አንሥቷል። ነገር ግን ወረርሽኝ ዛሬ ሄደ ማለት ነገ አይመለስም ማለት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባጠቃ ጊዜ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውም የዚያ ዘመን መታሰቢያ መሆኑ ይነገራል። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ኮሮና መጣ። ለሚቀጥለው ጊዜ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለን የምንወስነው እኛ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ነን፤ ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው በደኅናው ቀን ማሰብ ይሻላል።

በመጀመሪያ ገደቡ ለምን እንደሚደረግ እንወቅ። መንገደኛን ለይቶ ማቆየት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1377 ዓ.ም.፣ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የራጉሳ ከተማ፣ ቸነፈር ካለበት ስፍራ የመጣ ሰው 30 ቀን ከከተማው ውጭ እንዲቆይ ደነገገች። ቈይቶም ቀኑ 40 ሆነ፤ «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም የመጣው በኢጣልያ ቋንቋ አርባ ከሚለው ቍጥር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሽታ ጤነኛ በሚመስል ሰው ውስጥ ሆኖ ይጓዛል። ኮሮናም ምልክቱን ሳያሳይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ፣ ምልክቱም ከመታየቱ በፊት ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። መንገደኛው በኪሱ የሚይዘው የምርመራ ወረቀት የሚመሰክረው ናሙናው ስለ ተወሰደበት ቀን ብቻ ነው፤ ከአይሮፕላን ስለሚወርድበት ቀን አይመሰክርም። የእኛም መንግሥት የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፣ ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ 14 ቀን በሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ያዘዘው ስለዚህ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ከተከለከለው አገር መቅረት ነው፤ ወደ ተፈቀደው ግን መሄድ መብት ነው» ብለው ተከራክረዋል። መብት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ፈቃድ የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው እንጂ ስለ ነገ አይደለም። ለዚህም የእንግሊዝን አገር ነገር ምሳሌ አድርጌ ላቅርብ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዞች ለዕረፍት ወደ ስፔን እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸው ነበር። ሐምሌ 18 ቀን ምሽት ግን፣ ከዚያው ሌሊት ጀምሮ ከስፔን የሚመለስ ሁሉ 14 ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ ትእዛዝ ወጣ። የትራንስፖርቱ ሚኒስትር ግራንት ሻፕስ ራሳቸው ለዕረፍት ስፔን ነበሩና ደንቡ እርሳቸውንም አገኛቸው። ሚኒስትሩን ያልማረ ደንብ ተራውን መንገደኛ እንዴት ይምረዋል?

በሚቀጥለውም ዓመት አገሮች እንደ መንገድ መብራት በአረንጓዴ፣ በብጫና በቀይ ተከፈሉ። ፖርቱጋል ከግንቦት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አረንጓዴ ስለ ነበረች ብዙ ሰው ወደዚያ ጐረፈ። ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ቈይታ ሰኔ 1 ቀን ወደ ብጫ ተዛወረች፤ ብጫ ማለትም ሲመለሱ ዐሥር ቀን በቤት መቀመጥ ነበር። ከቀኑ ለመቅደም ሰው በአይሮፕላን ጣቢያ ተጋፋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ አይደለምን? ገንዘብና ጊዜ ለተረፈው ሰው ዐሥር ቀን ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በቀን ሥራ ለሚኖር ግን የልጆቹ እንጀራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መንገደኛው በራሱ ላይ የሚያመጣው ችግር ሳይሆን በአስተናጋጆቹ ላይ የሚያመጣው ነው። ይህንም በቤታችን ከሆነው ነገር ላስረዳ። የእናቴ ታናሽ ወንድም በሎንዶን አውቶቡስ እየነዳ ይኖራል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ የዓመት ዕረፍቱን ከእኛ ጋር ለማሳለፍ አሰበ። አገራችን ከመጋቢት 10 ቀን ጀምሮ በእንግሊዝ የቀይ መዝገብ ላይ ገብታ ስለ ነበር፣ ሲመለስ ዐሥር ቀን በሆቴል ተዘግቶበት ስለዚህም 1,750 ፓውንድ መክፈል ነበረበት። ቤታችን በሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «ይምጣ» ሲል ግማሹ «ይቆይ» አለ። በመጨረሻ የወሰነው ራሱ ነው፤ ያስቀረውም ገንዘቡ አልነበረም። በእንግሊዝ ክትባት የተጀመረው ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን በአገራችን የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን ነው፤ በዚያ ክረምት በእንግሊዝ አብዛኛው ጐልማሳ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሲከተብ በእኛ ዘንድ የተከተበው ጥቂት ነበር። አጎቴ ሁለት ጊዜ ተከትቧል፤ አያቴ ግን ገና አልተከተቡም። «እኔ ጋሻ ይዤ ጋሻ ወደሌላት እናቴ ዘንድ አልመጣም» አለ። አያቴም በስልክ «ናፍቆትስ ይታገሣል ልጄ» ብለው መለሱለት።

ይህ ውሳኔ ያለ ዋጋ አልቀረም። አጎቴን እንደ ልጅ ያሳደጉት የአያቴ ታላቅ ወንድም በጥር 2014 ዓ.ም. በእርጅና ዐረፉ። አጎቴ የመጣው ለመስቀል በ2015 ዓ.ም. ነውና አልደረሰባቸውም። ይህን የምጽፈው፣ መቅረት ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ነገሩን እንዲመዝኑት ነው። መቅረት ያስከፍላል፤ ቢሆንም የከፈለው የወሰነው ሰው ራሱ ነው። ታሞ የመጣ መንገደኛ ግን ዋጋውን የሚያስከፍለው ያልጠየቁትን፣ ያልተማከሩትን ሰዎች ነው። በእኔ አስተያየት የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ተቃዋሚዎቼ የሚያነሡት ሌላ ከባድ ነገር አለ፤ እርሱንም ልሸሸው አልፈልግም። በጐብኚ የሚኖረው ሰውስ ምን ይብላ? የላሊበላ አስጐብኚ፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣ የዕደ ጥበብ ሻጭ፣ ሁሉም እንጀራው ከመንገደኛ ኪስ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ድንበር ተሻግሮ የጐበኘው ሰው ወደ 1.5 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ግን ወደ 400 ሚሊዮን ወረደ። ከዚህ ቍጥር በስተጀርባ ስንት የቀዘቀዘ ምድጃ እንዳለ አስቡት። ነገር ግን መልሱ በሽታ ይዞ መሄድ አይደለም። የታመመ ከተማ ጐብኚ አይስብም፤ የሞተ አስጐብኚም አያስጐበኝም። ለእነዚህ ሰዎች መንግሥትና ባለጸጋ እንዲደግፋቸው፣ የአገሩም ሰው ደንቡ በፈቀደ መጠን በጥንቃቄ የራሱን አገር እንዲጐበኝ ማድረግ ይሻላል። ከመካከላችን የፋሲልን ግንብ ወይም አክሱምን በዓይኑ ያየው ስንቱ ነው?

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጊዜ ዳግመኛ ቢመጣ፣ ሻንጣ ከማሰር በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ እላለሁ። አንደኛ፣ ደንቡ በመንገድ ላይ ሳለሁ ቢለወጥ ቀኑንም ገንዘቡንም ያለ ማንም ሸክም እችለዋለሁን? ሁለተኛ፣ በሽታው በእኔ ምክንያት ቢገባ የሚታመሙት እነማን ናቸው፣ ክትባትና ሐኪምስ አላቸውን? ሦስተኛ፣ ይህ ጉዞ ለሌላ ዓመት ቢተላለፍ የሚጠፋ ነገር አለን? የሚሞት ወላጅን ለመሰናበት የሚሄድ ሰው ለሦስተኛው ጥያቄ «አዎን» ብሎ ይመልሳል፤ ለእንደዚህ ያለውም ሕግ በር ሊተውለት፣ እኛም ልንራራለት ይገባል። ለባሕር ዳርቻ ፀሓይ የሚሄድ ግን «አዎን» ሊል አይችልም፤ ባሕሩም ፀሓዩም በሚቀጥለው ዓመት በስፍራቸው ይገኛሉና።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ብዙዎች ነገ አብራሪዎች፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች፣ ምናልባትም ደንብ አውጪዎች እንሆናለን። ዓለምን ለማየት ያለንን ጉጉት ማንም አያጥፋብን። ሆኖም የምንደርስበት አገር ሰው ልክ እንደ እኛ እናት ያለው መሆኑን ሳንረሳ እንሂድ፤ መሄድ የማይገባ ሲሆንም በፈቃዳችን እንቅር።