ስልጆ በሀርጌሳ

ውድ አንባቢ፣

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ የካቲት 17 ቀን ነበር፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገባ። ሀርጌሳ ውስጥ የምኖርበት ግቢ ሦስት ቤት አለው። ትልቁ የአከራዬ ነው፤ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሶማሌ እናት ናቸው። ቀጥሎ ባለው ቤት ከየመን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ቤተሰብ ይኖራሉ። ጥግ ላይ ያለችው አንድ ክፍል የእኔ ናት። በዚያ ሰሞን ግቢው በሙሉ ጾመኛ ነበር፤ እነሱ ጀምበር እስክትጠልቅ ከምግብም ከውሃም፣ እኔ ደግሞ እስከ ፋሲካ ከሥጋና ከወተት።

አንድ ማታ፣ አዛን ካለ በኋላ፣ የመናዊቷ ጎረቤቴ ትንሽ ሳህን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። «ኡኽቲ (እህቴ)፣ ቅመሽ» አለችኝ። ሰሃዊቅ ነበር፦ ቲማቲም፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በድንጋይ ተፈጭቶ ከአይብ ጋር የተለወሰ፣ በትኩስ ዳቦ እየተጠቀሰ የሚበላ። በአገሯ በታዕዝ አይብ ይሠራል፤ እዚህ ያገኘችውን ነጭ አይብ ነበር ያደረገችበት። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። እንደማልበላ ስነግራት ሳህኑን በሁለት እጇ እንደያዘች ደነገጠች፤ ይቅርታም ጠየቀችኝ። ከዚያ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ «ታዲያ እናንተ በጾማችሁ በምን ታጠቅሳላችሁ?» አለች።

«በሽሮ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚያጽፈኝ ያ መልስ ነው። በሩን ዘግቼ ስቀመጥ የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ። ደብረ ብርሃን፣ የቅበላ ሳምንት፣ ሌላው ቤት ዶሮ ሲገነጠልና ቅቤ ሲነጠር እናቴ በአንድ ጥግ አፉ በጨርቅ የታሰረ እንስራ ታሰናዳ ነበር። እኛ ልጆቹ አጠገቡ እንዳንደርስ እንከለከላለን። ሑዳዴ ገብቶ ሦስት አራት ቀን ሲያልፍ ክዳኑ ይነሣና ሰናፍጩ ዓይን እስኪያስለቅስ ቤቱን ይሞላዋል። ስልጆ። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ወተት የሚሠራ፣ የሚኮመጥጥ፣ የሚለበልብ፣ እንደ ለጋ አይብ በእንጀራ እየተዛቀ የሚበላ የጾም ማባያ። ጎረቤቴ የጠየቀችኝ ነገር ስሙ ይህ ነበር፤ እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስበላው የኖርኩትን ረስቼ ሽሮ አልኩ።

አሁን አሁን በየከተማችን፣ በውጭም ባለን ወገኖች ዘንድ፣ «የጾም አይብ» የሚባል ነገር ተለምዷል። አንዱ ከኦቾሎኒ ይሠራዋል፣ ሌላው ከአኩሪ አተር፣ አቅም ያለው ከካሹ። እኔም ካሹውን ሞክሬዋለሁ፦ አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር መፍጨት ነው፤ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣልም። የሚሠሩትን አልነቅፍም። ግን ካሹ በዚህ ከተማ በባሕር ተጭኖ የሚመጣ፣ በትንሽ ከረጢት የሚሸጥ ውድ ነገር ነው። ከዋጋው በላይ ደግሞ ስሙ ያሳዝነኛል። «የጾም አይብ» ስንል ማዕዳችንን የምንለካው በጎደለው ነገር ነው። ስልጆ የማንም ምትክ ሆኖ አያውቅም፤ በራሱ ስም የሚጠራ፣ ራሱን የቻለ ምግብ ነው።

ምላሳችን ከአይብ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ካሰብነው ደግሞ አብዛኛው ወተቱ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም። ኮምጣጣነት ነው፣ ጨው ነው፣ አፍ ውስጥ የሚቀልጥ ቅባት ነው፤ በተለይ ደግሞ ምግቡ ተቀምጦ ሲብላላ የሚያገኘው ጥልቅ ጣዕም ነው። ስልጆ ቅባቱን ከሱፉ፣ ጉልበቱን ከባቄላው፣ ኮምጣጣነቱንና ጥልቀቱን ከመብላላቱ ያገኛል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት በምላሳቸው ነው።

የምኖርበት አገር ራሱ የወተት አገር ነው። ከሀርጌሳ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ላስ ጌል የሚባል የዋሻ ሥፍራ አለ፤ ትርጉሙ የግመሎች ጉድጓድ ማለት ነው። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በ2002 እ.ኤ.አ. አግኝተው ለዓለም ያስተዋወቁት ይህ ሥፍራ የሺዎች ዓመታት ዕድሜ ያላቸው የላም ሥዕሎች አሉት፤ አንገታቸው ያጌጠ፣ ጡታቸው ጎልቶ የተሣለ ላሞች። ቆሜ ሳያቸው የሣላቸው ሰው ወተትን እንዴት ያከብር እንደነበር ገባኝ። ዛሬም ገበያ ስወርድ የግመል ወተት የሚሸጡ እናቶች ተደርድረው አገኛለሁ። ወተቱ የጭስ ጠረን አለው፤ ዕቃው ይታጠናልና፣ ልክ እኛ የወተቱን ቅል በወይራ እንደምናጥነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ወተት መሃል የአገሬውን አይብ ቢፈልጉ አያገኙም። የግመል ወተት እንደ ላም ወተት በቀላሉ አይረጋም፤ የላም ወተት ሲረጋ ትልቅ ድርሻ ያለው ካፓ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን በግመል ወተት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። የኛ አይብ ደግሞ ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚወጣ ነው፤ ላም፣ መናጫና ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሀርጌሳ ላይ አይብ ያማረው ሰው ጾመኛ ሆነ አልሆነ ከውጭ የመጣ ነው የሚገዛው።

አከራዬ የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። ወተት አይስማማውም፤ ትንሽ ከቀመሰ ሰውነቱ ሽፍ ይልና ያብጣል። ወተት ለእንግዳ ክብር በሚቀርብበት አገር እንዲህ ያለ ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው። የዘመድ ቤት ሲሄድ አያቱ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አያነሡም። ከጎረቤቴ ጋር በተነጋገርን ማግስት ስልጆ ለመሥራት ስወስን ያሰብኩት ይህን ልጅም ጭምር ነበር፤ በማለዳ እንጀራ መሰሉ ላሖሕ ላይ ሌሎቹ ልጆች የሚቀቡትን የሚመስል ነገር እንዲኖረው።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር አደራ ልበልዎ። ባቄላ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ጂ-ሲክስ-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም በደማቸው የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ፤ በዘር የሚተላለፍ ነው፣ ወባ በኖረባቸው አካባቢዎችም በብዛት ይገኛል። በባቄላ ውስጥ ያሉት ቪሲንና ኮንቪሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች የእነዚህን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋሳት ሊያፈርሱ ይችላሉ፤ ማብሰል ደግሞ ሙሉ በሙሉ አያጠፋቸውም። ሰውዬው ይገረጣል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ በተለይ ለልጅ አደገኛ ነው። የሰው ልጅ ከማብላቴ በፊት አያቱን «ኤዶ፣ ባቄላ በልቶ ያውቃል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አያውቅም። ምርመራ ያደረገለትም የለም። ስለዚህ ለእሱ በባቄላው ፈንታ በሽምብራ ዱቄት ሠራሁለት፤ ሰሊጥም እንደሚስማማው አስቀድሜ አረጋገጥኩ። ሽምብራው ትንሽ ጣፈጥ ይላል እንጂ ያምራል። እርስዎም ለእንግዳ ሲያቀርቡ ሰናፍጩን፣ ሰሊጡንና ባቄላውን ከመናገር አይቆጠቡ።

አሠራሩን ልንገርዎ። ትክክለኛው ስልጆ የሚሠራው በሱፍ ነው፤ ያ እሾሃማው፣ ነጭ ቅርፊት ያለው። ሱፍ እዚህ በደጃፌ ካሉት ሱቆች አላገኘሁም፤ ከጅጅጋ በቶጎ ውጫሌ የሚመጣ ሰው ካለ አስልካለሁ፣ ከሌለ በሰሊጥ እተካለሁ። ሱፉ ለብ ለብ ተደርጎ ይወቀጣል፣ በለብታ ውሃ ይታሻል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጠለላል። ነጭ ወተት ይወጣዋል። ሰሊጥ ከሆነ መቁላቱ በጣም ትንሽ ይሁን፤ ከጠቆረ ስልጆውን ያመርረዋል። ለአንድ ብርጭቆ የባቄላ ዱቄት ግማሽ ብርጭቆ ሱፍ ወይም ሰሊጥ፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ባቄላው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ አልሞ የተፈጨ መሆን አለበት፤ የባቄላ ዱቄት ከሌለዎት በርበሬ ያልገባበት ነጭ ሽሮ ያገለግላል።

ወተቱን ይጣዱና ሲፈላ ዱቄቱን እየነሰነሱ ሳያቋርጡ ያማስሉ። እጅዎ እስኪዝል ድረስ ማማሰል ነው ነገሩ። እሳቱ ዝግ ይበል። ጥሬ የባቄላ ሽታው ጠፍቶ ገንፎ ወደ መሆን ሲጠጋ ያውርዱት፣ ጨው ይጨምሩና በደንብ ይቀዝቅዝ።

በደንብ ይቀዝቅዝ ያልኩት በምክንያት ነው። የሰናፍጭ ማቃጠል ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም። ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ሁለት ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና ያን ጊዜ ይወለዳል፤ ከሁለቱ አንዱ የሆነውን ኢንዛይም ደግሞ ሙቀት ይገድለዋል። ትኩስ ገንፎ ላይ ሰናፍጭ ቢያደርጉ የሚያገኙት ምሬት ብቻ ነው። እናቴ ጣቷን ነክራ፣ ከዚያ የክንዷን ውስጠኛ ነክታ ነበር የምትፈትነው። እኔም እንደሷ አደርጋለሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውሃ ለውሼ ለሩብ ሰዓት ከድኜ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል አድቅቄ፣ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጨምሬ ሁሉንም ከቀዘቀዘው ጋር አዋህዳለሁ። ቦቴ የሚያመጣልንን ውሃ አስቀድሜ አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፣ ማሰሮውንና ማንኪያውንም በፈላ ውሃ እለቀልቃለሁ። ሊብላላ የሚቀመጥ ነገር ንጽሕና ይፈልጋል።

የመጀመሪያው አልሆነልኝም። እናቴ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ታስቀምጠው ስለነበር እኔም ጠርሙሱን ጢም አድርጌ ሞልቼ፣ ግጥም አድርጌ ዘግቼ በመስኮቱ ሥር አኖርኩት። በአራተኛው ቀን ክዳኑን ገፍቶ ፈሰሰ፤ ጣዕሙም ጥርስ የሚያጠርስ ኮምጣጤ ሆኖ ነበር። ያ ሁሉ ሰሊጥ፣ ያ ሁሉ ማማሰል። አለቀስኩ ብል አልዋሽም፤ ያለቀስኩት ግን ለሰሊጡ አልነበረም። የመበላሸቱ ምክንያት ቆይቶ ገባኝ፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሀርጌሳ 1,300 ገደማ። የእናቴ እንስራ በብርድ ቀስ ብሎ የሚያደርገውን የእኔ ጠርሙስ በሙቀት በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። አሁን ከጠርሙሱ ሢሶውን ባዶ እተዋለሁ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጣለሁ፣ በየቀኑ ክዳኑን ላላ አድርጌ አስተነፍሰዋለሁ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሬም እቀምሳለሁ። ኮምጣጣነቱ ልክ ሲመጣልኝ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካበቀለ ላዩን ገፍፎ መብላት የለም፤ ሙሉውን ይድፉት።

ለቸኮለ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ድንችና አንድ ካሮት ቀቅሎ ከሰሊጥ ዘይት፣ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ሰናፍጭ ጋር መፍጨት። የድንቹ ስታርች ሲፈጭ ይጣበቃል፣ የቀለጠ አይብ ይመስላል፣ ልጆች ይወዱታል። ለረቡዕና ለዓርብ ይሆናል። ለሑዳዴ ግን ስልጆ ይሁንልዎ።

ሁለተኛው ሲሳካልኝ ሦስት ሳህን አወጣሁ። የመናዊቷ ጎረቤቴ ከማታው አዛን በኋላ በዳቦ አጥቅሳ ቀመሰች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሳቀችና ደገመች። ሰናፍጩን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ፤ እሷም በሰሃዊቋ ልትሞክረው። ልጁ የሽምብራውን በላሖሕ ጠቅልሎ በላ። አያቱ ቆመው ያዩታል። ሲጨርስ «ይህ ወተት የለበትም?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ የለበትም አልኳቸው።

እኔ ግን ቀምሼ ዝም አልኩ። ጥሩ ነበር፤ የእናቴ ግን አልነበረም። የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ ምናልባት ሌላ ቅመም ነው፣ ምናልባት የሰናፍጩ ልክ ነው። በሕይወት ሳለች ስንት እፍኝ እንደምታደርግ አልጠየቅኋትም፤ ሁልጊዜ ታደርገዋለች ብዬ። አሁን ልጠይቃት አልችልም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ እናትዎ፣ አያትዎ ወይም አክስትዎ ስልጆ የሚሠሩ ከሆነ ዛሬ ማታ ይደውሉላቸው። ለአንድ ድስት ባቄላ ስንት እፍኝ ሰናፍጭ፣ ጤና አዳሙ መቼ እንደሚገባ፣ ሌላ የሚጨምሩት ቅመም እንዳለ ይጠይቁልኝ። የነገሩዎትንም እንዳለ፣ በእፍኝና በቁንጥር፣ ይጻፉልኝ። ቅበላ ሳይደርስ ሰሊጡን ገዝቼ እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ከሀርጌሳ