ስፒከሩ ይደበቅ፤ ድምፁ ግን አይታፈን

እኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ድምፅ ተምረን ወደየቤታችን ስንመለስ አንድ ነገር አስተዋልን። በብዙዎቻችን ሳሎን አናጢ ከግድግዳው ጋር አያይዞ የሠራው ቡፌ አለ። ስፒከሩም በዚያ ውስጥ ከሳህንና ከብርጭቆ ጎን፣ የእንጨት በር ተዘግቶበት ተቀምጧል።

ምክንያቱን እናውቃለን። የጅቡቲ አቧራ ብዙ ነው። ታናናሾቻችን ስፒከሩን በጣታቸው ይወጉታል። እናቶቻችንም እንግዳ ፊት ሽቦ ተዝረክርኮ እንዲታይ አይወዱም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሆኖም የተዘጋው በር የሚወስድብን ነገር አለ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ሞገዱ ከ3 ሜትር በላይ ስለሆነ እንጨቱን አንቀጥቅጦ፣ በሩንም ዞሮ ይወጣል። 5,000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን ሞገዱ 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ አብዛኛው እንጨቱ ጋር ሲደርስ ይመለሳል። ስለዚህ ከበሮው ይሰማል፣ ቃሉ ይደበዝዛል።

ይህ ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከመካከላችን አገር ቤትን አይተን የማናውቅ አለን። «መጣ» እና «መታ» የሚለዩት «ጣ» ስትባል በምትሰማው አጭር ፍንዳታ ነው፤ በሩ የሚያስቀርብንም እንዲህ ያለውን ነው። አያቶቻችን በስልክ ቀርጸው የላኩት ምርቃት ከቡፌው ውስጥ ሲወጣ «ምን አሉ?» እያልን ወላጆቻችንን እንጠይቃለን። ወላጆቻችን ይተረጉሙልናል፤ አማርኛን በአማርኛ!

ቡፌው ይፍረስ አንልም። በሩ ላይ በእንጨቱ ፋንታ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይወጠርበት። ስፒከሩ ወደ ውስጥ ሳይገፋ ከመደርደሪያው ጫፍ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ ይሁን። ሳህኖቹ እንዳይንቀጫቀጩ ከሥሩ ጎማ ይደረግለት። አምፕሊፋየሩ ስለሚሞቅ ከጀርባው አየር መውጫ ይቆረጥለት፤ በጋችን ከ40 ዲግሪ በላይ እንደሚሆን አንርሳ።

ውድ ወላጆቻችን፣ ወደፊት አናጢ ስትጠሩ እኛንም ጥሩን፤ ሜትር ይዘን እንመጣለን። እስከዚያው ግን አያቶቻችን ሲናገሩ የቡፌውን በር ክፈቱልን።