ይታረም ወይስ ይናገር?

በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪው «ቱ ዴይስ አጎ» በማለት ፈንታ «ቢፎር ቱ ዴይስ» ሲል ይሰማል። «ከሁለት ቀን በፊት» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶት ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የማለት ልማድም «ዲስከስ አባውት» ያሰኘዋል፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት»ን አይፈልግም። መምህሩ እዚያው ያርመው ወይስ ሐሳቡን እስኪጨርስ ይታገሠው?

ይታረም የሚሉት ጠንካራ ምክንያት አላቸው። በኦሮሚያ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ሆነ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። ዛሬ ያልታረመ ስሕተት ነገ ልማድ ይሆናል። ተመራማሪዋ ዳና ፌሪስም እ.ኤ.አ. በ1999 ተመርጦና በግልጽ የተሰጠ እርማት የተማሪን ጽሑፍ ሊያሻሽል እንደሚችል ተከራክራለች።

ይናገር የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ፌሪስ የመለሰችው ለጆን ትራስኮት ነበር፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1996 በጽሑፍ ላይ የሚደረግ የሰዋስው እርማት ጥቅም የለውም፣ እንዲያውም ይጎዳል ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል በየቃሉ የሚቋረጥ ልጅ እንዳይሳቅበት ዝም ማለትን ይመርጣል፤ ዝም ያለ ደግሞ ቋንቋ አይለምድም። «ዲስከስ አባውት» በሕንድና በናይጄሪያም የሚነገር ነው፤ ሰሚው ሐሳቡን አይስትም።

እኔ ስሕተቶችን በሚያስከትሉት ጉዳት መለየት ይሻላል እላለሁ። ስብሰባ በማይጠፋባት አዳማ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለማለት «አት ቱ ኦክሎክ» ተብሎ የተቀጠረ የውጭ እንግዳ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ እንግሊዝኛው «ኤይት ኦክሎክ» ነውና። እንዲህ ያለው ወዲያው ይታረም። ትርጉም የማያዛባውን ግን መምህሩ በንግግር ጊዜ ይለፈውና በጽሑፍ ላይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት እየመረጠ፣ ያሳይ።

ፈተናው እንዲህ አይለይም የሚለው መቃወሚያ እውነት ነው፤ ስለዚህ የጽሑፉ እርማት ፈጽሞ ሊቀር አይገባም። ለመናገር የደፈረ ልጅ ግን ስሕተቱን ቀስ በቀስ ማረም ይችላል፤ አፉን የዘጋውን ልጅ የትኛውም ቀይ እስክሪብቶ አያስተምረውም።