የማስጫ ገመዳችንን አትንኩብን

"ልብስ ማድረቂያ እኛ ቤትም አለ" የምትሉ ወዳጆቼ፣ እስኪ ቆዩ፣ አትቸኩሉ። አብዛኞቻችሁ ቤት ያለው መጭመቂያ ነው። ባለ ሁለት ገንዳዋን ማሽን አስታውሷት፤ በአንዱ ገንዳ ታጥባለች፣ በሌላው እያሽከረከረች ውሃውን ትጨምቃለች። ሙቀት የሚባል ነገር የላትም። እኛ ግን "ማድረቂያ" ብለን ስም አወጣንላት። ከሷ የወጣ ጂንስ መድረሻው ያው ገመድ ላይ ነው።

እውነተኛው የድሮ የአሜሪካ ማድረቂያ መለያው ቀላል ነው። የውሃ ቱቦ አይገባበትም። ከጀርባው ትኩስና እርጥብ አየር የሚተነፍስበት፣ አስር ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ አለው። የጨርቅ ብናኝ የሚያጠራቅም ወንፊትም አለው። ዕቃውን ጠቅልሎ ከአሜሪካ የገባ ዘመድ ያለው ሰው ምናልባት አንዱን ካርቶን ተጭኖበት አይቶት ይሆናል። ሥራ ቢፈታ አይገርምም። ማሞቂያው ወደ 5 ኪሎዋት ይስባል፤ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ይበልጣል ማለት ነው። ሶኬቱ ከኛ ግድግዳ ጋር አይተዋወቅም። ሞተሩም ለ60 ሄርትዝ ተሠርቶ በኛ 50 ሲነሳ ይዘገያል።

ይህን ሁሉ የማወራው ማሽን ልሸጥላችሁ አይደለም። በየኮንዶሚኒየሙ "በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ገጽታ ያበላሻል" የሚል ወግ እየበዛ ስለመጣ ነው። ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ወረቀት ይለጠፋል፣ ገመድ ይበጠሳል። የት እናስጣ ሲባል ግን መልስ የለም። እንግዲህ ወይ ማድረቂያ ግዙ፣ ወይ እርጥብ ልበሱ ነው ነገሩ።

የማድረቂያን ታሪክ ያየ ሰው እንዲህ አይመጻደቅም። ጆርጅ ሳምፕሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማድረቂያ ልብስን ከምድጃ አጠገብ የሚሰቅል መደርደሪያ ነበር። እኛ ክረምት ክረምት ከሰል ዙሪያ ወንበር ደርድረን ካልሲ ስንሰቅል፣ ወይም የድሮ ፍሪጅ ጀርባ ላይ ሸሚዝ ስንዘረጋ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ባለ ከበሮው ማሽን በሰሜን ዳኮታ ተወላጁ ሮስ ሙር ጥረት እ.ኤ.አ. በ1938 ሃሚልተን በሚባል ኩባንያ በኩል ገበያ ወጣ። በዚያ አገር ክረምት ገመድ ላይ የዋለ ልብስ በረዶ ይሆናል፤ ሰውየው ችግሩን አይቶ መላ ፈለገ። የማሽኑ ስም "ጁን ዴይ" ነበር፤ የሰኔ ቀን እንደማለት። ለነሱ ሰኔ ፀሐይ ነው። ኮልፌ ላይ ግን ሰኔ ልብስ ለሦስት ቀን ገመድ ላይ የሚከርምበት ወር ነው። መላ ከሰው አገር ሲቀዳ እንደዚህ ነው፤ ስሙ እንኳን አይገጥምም።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከማሽኑ በኋላ ገመድን ነውር አደረጉት። የሰፈር ማኅበራት "ውጭ ማስጣት ክልክል ነው" አሉ። ኋላ ላይ መብራት በከንቱ መንደዱ ሲቆጫቸው ቨርሞንትና ሜይን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ስንት ሐበሻ የሚኖርባት ሜሪላንድ በ2010 ነዋሪው ልብሱን በፀሐይ የማስጣት መብት እንዲኖረው ሕግ አወጡ። እነሱ ከሚመለሱበት መንገድ ላይ እኛ ልንሄድ ጫማ እያሰርን ነው።

ይሄ የውበት ክርክር ብቻ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ልብስ የሚታጠበው ውሃ በመጣ ቀን፣ ሁሉም ባንዴ ነው። ያን ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ ስቀሉት ብትሉ ግድግዳው ይሻግታል፣ ሕፃን ያስላል። መስኮት ዘግቶ በከሰል ማድረቅ ደግሞ ሰው ይገድላል። በየቤቱ እየዞሩ ልብስ አጥበው የሚያድሩ እናቶችስ? ማስጫ የሌለው ቤት አጣቢ አይቀጥርም።

ኮንዶሚኒየሙን ያሰቡት ሰዎች ይህ ጠፍቷቸው አልነበረም። ለማጠቢያ፣ ለማብሰያና ለእርድ ብለው የጋራ ሕንፃ ከየብሎኩ ጋር አብረው ነድፈዋል። ያ ቤት ዛሬ ስንት ቦታ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ቢሮ ሆነ? ኮሚቴ መቆጣት ካማረው እዚያ ይጀምር።

ነውር የምትሉትን ነገርም እስኪ እናስበው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። ለቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምር በር የከፈተ የልብስ አጠባ ያፈራች አገር አንድ አንሶላ በረንዳ ላይ ታየ ብላ አታፍርም።

እርግጥ ነው፣ ከአራተኛ ፎቅ የሚንጠባጠብ ብርድ ልብስ ታች ያለውን ጎረቤት ያስመርራል። ለዚህ ደንብ አውጡ፦ ተጨምቆ ይሰቀል፣ ከበረንዳው ብረት ወደ ውስጥ ይሁን። ከዚያ ግቢ ውስጥ የጋራ ማስጫ ሥሩ። አጠና ተራ እዚሁ ኮልፌ ነው፤ ጥቂት እንጨት፣ ሽቦ፣ ለክረምት ደግሞ ብርሃን የሚያስገባ ጣሪያ፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት። ለቀለምና ለአጥር የሚዋጣ ገንዘብ ለዚህ አያንስም።

የሚኪሊላንድም ሆነ የሌላው ሳይት ወጣት፣ የሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ ላይ እናትህን ብቻ አትላክ። ሂድና እጅህን አውጣ። መጀመሪያ ማስጫው ይሠራ፣ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይለጠፍ። ካልሆነ ትርፋችን ታጥቦ ጭቃ ነው።